በየካቲት የወደድነው፣ በሐምሌ የፈተሽነው፦ የአሪዞና በረሃ የጡረተኞች መንደር

ይህ ግምገማ በአሪዞና ግዛት፣ ከፊኒክስ ከተማ ወጣ ብሎ በበረሃው መሀል ስለተሠራ አንድ የጡረተኞች መንደር ነው። እኔና ባለቤቴ ቤታችንን ሸጠን ወደዚያ እንዛወር ወይስ አንዛወር የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ስንል በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በየካቲት ለስምንት ቀናት፣ ቀጥሎም በሐምሌ ለዘጠኝ ቀናት፣ መንደሩ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች በሚያከራየው የእንግዳ ቤት ተቀምጠናል። የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ያየሁት ጉድለት የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ያየሁት መልካም ነገርም የእርሱ ብቻ አይደለም። ይህን የሚያነብ ሰው ምናልባት የሚያስበው ስለ ሌላ መንደር ስለሚሆን፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ምን ምን መመርመር እንዳለበት ማወቁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ ሕመም ነው። የምንኖርበትን ሰሜናዊ ግዛት በረዶ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አይለቀውም። እርሷን ደግሞ የመገጣጠሚያ ሕመም ዐሥር ዓመት ያህል አሠቃይቷታል፤ ብርዱ ሲጠና ጣቶቿ አይታጠፉም፣ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳትም ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ከሦስት ዓመት በፊት በራፋችን ላይ የረጋ በረዶ አዳልጧት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሞቃት አገር የመሄድ ነገር ከቤታችን ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ በበኩሌ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ፤ ከምወስዳቸው ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ውኃን በሽንት ከሰውነት የሚያስወጣ ነው። ይህ ከምንኖርበት አገር ምርጫ ጋር አንዳች ግንኙነት ይኖረዋል ብዬ በዚያን ጊዜ አላሰብኩም ነበር።

በበረሃ ውስጥ ለጡረተኞች ብቻ መንደር መሥራት በዚያ አካባቢ የቆየ ሐሳብ ነው። ያንግታውን የተባለችው መንደር በ1954 ተመሠረተች። ከእርሷ አጠገብ ሥራ ተቋራጩ ዴል ዌብ ሰን ሲቲን ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ለጎብኚዎች ሲከፍት፣ በመክፈቻው የዕረፍት ቀናት ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሊያያት እንደመጣ ይነገራል። የሥራ ተቋራጩ ብልሃት ቤቶቹን ከመሸጡ በፊት የጎልፍ ሜዳውን፣ የገበያ ማዕከሉንና የመዝናኛ ሕንፃውን ሠርቶ ማሳየቱ ነበር፤ ገዢው የሚገዛው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የቀኑን ውሎ ጭምር እንደሆነ አስቀድሞ ተረድቶታል። ዛሬ ሰን ሲቲ ብቻዋን 40 ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት፤ እኛ ያየነው መንደርም በእርሷ አምሳያ የተሠራ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ የሆነው የቤት አየር ማቀዝቀዣ በአሜሪካ በተስፋፋበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ያ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ አንድም ጡረተኛ በዚያ ቆላ ዓመቱን ሙሉ ለመኖር ባልደፈረ ነበር። በሐምሌ የሆነብንን ሳስታውስ ይህን ነጥብ ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ እንዳለብኝ ይሰማኛል።

በየካቲት ያገኘነው አቀባበል ምንም እንከን አልነበረበትም። ጠዋት 9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከቀትር በኋላ 22 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም ልዝብ። የመዋኛ ገንዳው፣ የእንጨት ሥራና የሸክላ ሥራ ክፍሎቹ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሰው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም ንጹሕና በሰው የተሞላ ነው። ነዋሪዎቹ አዲስ ሰው ሲያዩ ቀርበው ያናግራሉ፤ በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ የሸክላ ሥራ ክፍል ተጋብዛ ገባች። የእንግዳ ቤቱ ደረጃ የሌለው፣ በሮቹ ሰፋፊ፣ የመታጠቢያ ክፍሉ መያዣ ያለው፣ በጥንቃቄ የታሰበበት ቤት ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አየሁ፤ ባለቤቴ የሸሚዟን ቁልፎች ያለ እኔ እርዳታ ቆለፈች። ሐኪሟ ሙቀት ሥቃዩን ሊያቀልላት እንደሚችል፣ በሽታውን ግን እንደማያቆመው ቀድሞ ነግሯታል፤ ቢሆንም የዚያን ጠዋት ደስታዋን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ስምንቱ ቀናት ሳያልቁ ቤታችን ስንት እንደሚሸጥ ማስላት ጀምረን ነበር።

እንድንዘገይ ያደረጉን ከእንግዳ ቤቱ ጎን የሚኖሩ የ84 ዓመት እናት ናቸው። በመንደሩ 19 ዓመት ኖረዋል፤ ባለቤታቸውንም የቀበሩት እዚያው ነው። ልንሰናበታቸው በገባን ጊዜ የምንወስንበትን ቀን ጠየቁንና፣ "እኔ ይህን ቦታ እወደዋለሁ፤ እናንተ ግን በሐምሌ ተመልሳችሁ ሳታዩት ምንም ወረቀት እንዳትፈርሙ" አሉን። አስጎብኛችን ይህን ሐሳባችንን ስንነግራቸው በሐምሌ ለጉብኝት የሚመጣ ሰው እንደሌለ፣ አብዛኛው የመዝናኛ ፕሮግራምም በዚያን ጊዜ እንደሚቋረጥ በትሕትና አስረዱን። ለእኔ ግን ይህ ማስረጃ የሴትዮዋን ምክር የሚያጠናክር ሆነ፤ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዐሥራ ሁለቱንም ወራት ነውና።

በሐምሌ ስንመለስ የጠበቀን አገር ሌላ ነው። በፊኒክስ በዚያ ወር አማካይ የቀን ከፍተኛው ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ሲሆን የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ2023 ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30 ድረስ ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ 43 ዲግሪን አልፏል፤ በዚያው ወር በ19ኛው ቀን የሌሊቱ ሙቀት ከ36 ዲግሪ በታች አልወረደም። በተከታዩ ዓመት በ2024 ደግሞ ከፍተኛው ሙቀት 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነባቸው ተከታታይ ቀናት 113 ደርሰዋል። እነዚህን ቁጥሮች ከመሄዴ በፊት አንብቤያቸው ነበር፤ ማንበብና በውስጣቸው መቀመጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀዝቃዛ ውኃውን ቧንቧ ስትከፍቱ የሚወርደው ለብ ያለ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ እጅ የሚለበልብ ውኃ ነው። የመኪናው ቀበቶ ብረት ጣት ያቃጥላል። ነዋሪው ለእግር ጉዞ የሚወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ሰው አይታይም። በየካቲት በየጎዳናው ሲመላለሱ ያየናቸው የጎልፍ ጋሪዎች ቀትር ላይ ሁሉም በየጋራዡ ናቸው። በጋሪ መሄድ መኪና መንዳት ላቃተው ሰው መፍትሔ ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር፤ ነገር ግን በሕዝብ መንገድ ላይ ጋሪውም ሰሌዳ፣ ነጂውም መንጃ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ በሐሩሩ ወራትም ጎኑ ክፍት የሆነ ጋሪ ለሐኪም ቀጠሮ የማያደርስ መሆኑን ያወቅነው እዚያው ተቀምጠን ነው።

አንድ ነገር በተለይ አሳሰበኝ። የዚያ አካባቢ የቃጠሎ ሕክምና ክፍሎች በየዓመቱ አስፋልት ላይ ወድቀው መነሳት ያቃታቸውን አረጋውያን ያክማሉ፤ በሐምሌ ፀሐይ የዋለ አስፋልት ከ70 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ቆዳን ለማቃጠልም ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። እኛ የሸሸነው በረዶ ላይ መውደቅን ነበር። መውደቅ ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እንጂ ከበረዶ ጋር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጥያቄው ሰው ሲወድቅ የሚያርፈው ምን ላይ ነው፣ ስንት ደቂቃስ ወድቆ ይቆያል የሚለው ነው። ቤት ውስጥ የመታሰሩን ነገርም በጥሞና አሰብነው። በሰሜን ከኅዳር እስከ መጋቢት ቤት እንውላለን፤ እዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም። የምንታሰርባቸው ወራት ተቀየሩ እንጂ አልቀሩልንም።

በአምስተኛው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የእንግዳ ቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ቆመ። ውጪው 45 ዲግሪ ነበር። ለጥገና ክፍሉ ደወልኩ፤ ባለሙያው በነጋታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደሚመጣ፣ እስከዚያው መጋረጃውን ዘግተን ውኃ እየጠጣን እንድንቆይ ተነገረኝ። ሌላ የእንግዳ ቤት ባዶ ሆኖ ሳለ ወደዚያ እንድንዛወር ያቀረበልን ሰው አልነበረም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም፣ በዚህም አጥፍቻለሁ። የቤቱ ሙቀት በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ25 ወደ 31 ዲግሪ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ 34 ዲግሪ ወጣ። መስኮት መክፈት የባሰ ነው፤ ውጪው ከቤቱ ይልቅ ይግላል። ማራገቢያውን አበራን፤ የሚነፍሰው ግን ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ዓይነት አየር ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሆነውን በሚገባ የምታስታውሰው ባለቤቴ ናት። ራሴን እንዳመመኝ ተናገርኩ፤ ቀጥሎም መድኃኒትህን ወስደሃል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ሦስት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር መለስኩላት። እርሷም ጊዜ ሳታጠፋ ጎረቤታችንን ሄዳ ቀሰቀሰቻቸው።

ሴትዮዋ በነጠላ ጫማ ወጥተው እኔን በአንድ ክንድ፣ ባለቤቴ በሌላው ደግፈው ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። በቤታቸው አንዱ መኝታ ክፍል ከዋናው የተለየ የራሱ ትንሽ የግድግዳ ማቀዝቀዣ አለው፤ ዋናው ቢቆም አንድ ክፍል እንዲተርፍ ብለው ከብዙ ዓመት በፊት ያስገቡት ነው። አንገቴና ብብቴ ላይ እርጥብ ፎጣ አደረጉልኝ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡኝ፤ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው አምቡላንስ እጠራለሁ ብለው ሰዓታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደ ራሴ ተመለስኩ። በነጋታው የመጣው ባለሙያ ከውጪው ሞተር ውስጥ ካፓሲተር የምትባል የተቃጠለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አውጥቶ በሌላ ቀየረና ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። አንድ ሰው በእጁ መዳፍ የሚይዛት ዕቃ ናት።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት የእኔ ታሪክ እንግዳ ስላልሆነ ነው። ፊኒክስ በምትገኝበት በማሪኮፓ ካውንቲ በ2023 ከሙቀት ጋር በተያያዘ ምክንያት 645 ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ብዙዎቹ መጠለያ አልባ ሆነው በውጪ የሞቱ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ከሞቱት መካከል ግን አብዛኛዎቹ አየር ማቀዝቀዣ የነበራቸው፣ መሣሪያው ግን የማይሠራ ወይም ያልበራ ሆኖ የተገኘ ነው። በ2018 በዚያው አካባቢ በጡረተኞች መንደር ትኖር የነበረች አንዲት አረጋዊት በጥቂት ቀሪ ዕዳ ምክንያት ኤሌክትሪክ ተቆርጦባት ሞታለች። ጉዳዩ በሰፊው ከተሰማ በኋላ የግዛቱ ተቆጣጣሪ አካል በሐሩሩ ወራት ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት ኤሌክትሪክ መቁረጥን ከልክሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መንደር የሚጎበኝ ሰው መዋኛ ገንዳውን ከማየቱ በፊት የቤቱ ማቀዝቀዣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ሲበላሽ ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ነዋሪው የሚሰበሰብበት ጄነሬተር ያለው አዳራሽ ይኖር እንደሆነ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ ባየነው መንደር የመጨረሻው ጥያቄ መልስ አዳራሽ እንዳለ፣ ጄነሬተር ግን እንደሌለው ነበር።

ከተመለስን በኋላ ሐኪሜ ሁኔታውን አብራራልኝ። ሰውነት ሙቀትን የሚያስወግደው ደምን ወደ ቆዳ በመላክና በማላብ ነው፤ በዕድሜ ሁለቱም ይደክማሉ፣ የውኃ ጥማት ስሜትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አረጋዊ ሰው ሳይጠማው ሊደርቅ ይችላል። በረሃው ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ሰውም ስላላየው ያላበ አይመስለውም። እንደ እኔ ያለውን የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ውኃውን ቀንሶ ነው የሚጀምረው። የልብ ምትን የሚያዘገዩ የግፊት መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአለርጂና የድባቴ መድኃኒቶችም ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ ያውካሉ። ሐኪሙ በተለይ እንዳስጠነቀቀኝ የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ብዙውን ጊዜ የአእምሮ መዘበራረቅ ስለሆነ ታማሚው ራሱ አያውቀውም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። መድኃኒት በፖስታ የሚመጣለት ሰውም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ የሚፈለግ ሲሆን፣ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ የብረት የፖስታ ሣጥን ውስጥ የዋለ ኢንሱሊን ሊበላሽ ይችላል።

ስለ አቧራውም ልጽፍ ይገባል፤ የመንደሩ ሰዎች ሳይጠየቁ አያነሱትምና። በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሃማ አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ፈንገስ አለ፤ ከአቧራ ጋር ሲተነፍሱት የሸለቆ ትኩሳት ወይም ቫሊ ፊቨር የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። ከስልሳ ዓመት በላይ በሆኑት፣ የስኳር ሕመም ባለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ግን ሊከብድ ይችላል፤ ከሳንባ አልፎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጨው ከባዱ ዓይነት ደግሞ ጥቁር በሆኑ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ በብዛት እንደሚታይ የጤና ባለሥልጣናት ይገልጻሉ። ይህ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ሳሉና ትኩሳቱ ከተራ የሳንባ ምች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከዚያ ተመልሶ በሌላ ግዛት የሚታከም ሰው በረሃ ቆይቶ እንደመጣ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

የመንደሩን ስም ሰምተው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ደግሞ አለ፤ እኛም ተሳስተንበት ነበር። "የጡረተኞች መንደር" ሲባል የሚንከባከብ ሰው ያለበት ቦታ ይመስላል። እንዲህ ያሉት ከ55 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የተሠሩ መንደሮች ግን የመኖሪያ ቤትና የመዝናኛ ቦታ ብቻ ናቸው፤ ነርስ የለም፣ ምግብ የሚያቀርብ የለም፣ ሰው ወደቀ ብሎ የሚመጣ የለም። አስጎብኛችንን ማታ ብወድቅ ማን ይመጣል ብዬ ስጠይቃቸው በግልጽ 911፣ ማለትም የድንገተኛ አደጋ ስልክ ነው ያሉኝ፤ ስለ ቅንነታቸው አመሰግናቸዋለሁ። እንክብካቤ በደረጃ የሚሰጥባቸው፣ ሰው ራሱን ከሚችልበት ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚቆይባቸው ተቋማት የተለዩ ናቸው፤ የመግቢያ ክፍያቸውም ውላቸውም ሌላ ነው። ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለረጅም ጊዜ የቤት ውስጥ ወይም የተቋም እንክብካቤ እንደማይከፍል ሁሉም ሰው አያውቅም። ድሃ ለሆነ ሰው የሚከፍለው ሜዲኬይድ ደግሞ በየግዛቱ የሚተዳደር ስለሆነ ግዛት የቀየረ ሰው ማመልከቻውን እንደ አዲስ ይጀምራል። መደበኛውን ሜዲኬር የያዘ ሰው በማንኛውም ግዛት ይታከማል፤ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር አድቫንቴጅ የያዘ ሰው ግን ዕቅዱ ከሚኖርበት ካውንቲ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲዛወር መቀየር አለበት፤ ግማሹን ዓመት ብቻ በሌላ ግዛት ለሚያሳልፍ ሰውም ይህ ትልቅ ችግር ሊሆን ይችላል።

በገንዘብ ረገድ አሪዞና ጡረተኛን አትጎዳም። ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የፌዴራል መንግሥት የጡረታ ገቢ ላይ ግብር አታስከፍልም፤ በሌላው ገቢ ላይ ከ2023 ጀምሮ ያለው የግዛቱ ግብር ለሁሉም እኩል 2.5 በመቶ ነው። በሌላ በኩል ዓመታዊው የመንደር መዋጮ፣ ቤት ሲገዛ አንድ ጊዜ የሚከፈለው የመዝናኛ ሥፍራዎች ማደሻ ክፍያና የሐሩሩ ወራት የኤሌክትሪክ ሒሳብ በሽያጭ ወረቀቱ ፊት ለፊት ገጽ ላይ አይታዩም፤ ገዢው እንዲዘረዘሩለት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ስለ ውኃም እንዲሁ። የኮሎራዶ ወንዝ እጥረት በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ታውጆ በተከታዩ ዓመት የአሪዞና ድርሻ ተቀንሷል፤ በ2023 ደግሞ ግዛቱ በፊኒክስ ዙሪያ በከርሰ ምድር ውኃ ብቻ ለሚተማመኑ አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ቀድሞ የተሠራ መንደር በዚህ ወዲያው አይነካም፤ ለልጆቹ የሚተርፍ ቤት የሚገዛ ሰው ግን የውኃው ምንጭ ምን እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው።

የዕድሜ ሕጉ ከሁሉ በላይ ባለቤቴን አስጨነቃት። የፌዴራል ሕግ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ማግለልን የሚከለክል ቢሆንም፣ ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት ቤቶቻቸው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው ለሚኖርባቸው መንደሮች ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። ባየነው መንደር ደንብ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እንግዳ በዓመት ከ30 ቀናት በላይ ማደር አይችልም። ልጃችን አንድ ቀን ታማ ወይም ተቸግራ ልጆቿን ለወራት እንድንይዝላት ብትጠይቀን እምቢ ማለት ግዴታችን ይሆናል ማለት ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ይህን ደንብ ይወደው ይሆናል፤ አልፈርድበትም። እኛ ግን አያቶች ነን፤ በሩን በፊርማችን መዝጋት ከበደን።

ሌሎች አማራጮችንም ተመልክተናል። ፍሎሪዳ ከገቢ ላይ የግዛት ግብር አትወስድም፤ ትልቁ የጡረተኞች መንደርም ያለው እዚያው ነው። ሙቀቱ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም ወበቁ ላብ እንዳይተን ያደርጋል፤ አውሎ ነፋሱም የቤት ኢንሹራንሱን አስወድዶታል። በ2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የአንድ የአረጋውያን ማቆያን ማቀዝቀዣ ካቋረጠ በኋላ 12 ሰዎች መሞታቸው፣ ግዛቱም ከዚያ በኋላ መሰል ተቋማትን ጄነሬተር እንዲያኖሩ ማስገደዱ፣ ችግሩ የበረሃ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በአሪዞና ውስጥ ደግሞ ፊኒክስ ከባሕር ጠለል በላይ 330 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ፕረስኮት ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ወይና ደጋ ልንላት እንችላለን፤ ሐምሌዋ የሚቻል ነው፣ በረዶ ግን አለባት። ባለቤቴ ፕረስኮትን በካርታ ላይ አይታ "በረዶውን ትቼ ወደ በረዶ?" አለችና ተወችው።

በሐምሌ ካየሁት ሁሉ እስካሁን ከልቤ ያልወጣው የቤቶቹ ዝምታ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ካሉት ዐሥራ አራት ቤቶች ሰው የነበረባቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። ስኖውበርድ የሚባሉት፣ በረዶን ሸሽተው መጥተው ሙቀቱ ሲጀምር ወደ ሰሜን የሚመለሱት ነዋሪዎች ሁሉ ሄደዋል። የቀሩት ሌላ ቤት የሌላቸው ናቸው፤ በአብዛኛው ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ የሰሜኑን ቤት አስቀድመው የሸጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች። ሴትዮዋና ስድስት ጓደኞቻቸው በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በተራ ይደዋወላሉ፤ ስልክ ያላነሳችዋን ቀጣይዋ ሄዳ በሯን ታንኳኳለች፣ የሁሉም ቤት ቁልፍ በሌላዋ እጅ አለ። ይህን ሥርዓት ያቋቋሙት ራሳቸው ናቸው፤ የመንደሩ አስተዳደር እጅ የለበትም። በዚያ መንደር ካየኋቸው አገልግሎቶች ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። አስተዳደሩ እንደ እርሳቸው ያለውን ጥሪ ቢያደራጅ፣ አንድ አዳራሽ በጄነሬተር ቢያዘጋጅና የማቀዝቀዣ ጥገናን በሐሩሩ ወራት ለሃያ አራት ሰዓት ቢያደርግ፣ ወጪው ከአንድ የጎልፍ ሜዳ ማጠጫ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ስለዚህ ቤት አልገዛንም፤ የሰሜኑንም አልሸጥንም። ጤነኛ የሆነ፣ የሚያሸና መድኃኒት የማይወስድ፣ በሐሩሩ ወራት የሚሄድበት ሌላ ቤት ያለው ሰው ይህን መንደር ቢመርጥ አልቃወመውም፤ ከየካቲቱ ቆይታችን የተሻለ ጊዜ ባለፉት ዓመታት አላሳለፍንም። ቤቱን ሸጦ ለሁልጊዜ ለመሄድ ለሚያስብ፣ በተለይም ከባልና ሚስቱ አንደኛው የልብ ወይም የግፊት ታማሚ ለሆነ ቤተሰብ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ የሐምሌ ወር ተከራይቶ ሳይቀመጥ ውል እንዲፈርም አልመክርም። የባለቤቴን ጣቶች ደግሞ መርሳት አልችልም። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከሴትዮዋ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ያለውን ትንሽ ቤት ተከራይተናል፤ ሜዲኬራችንም መደበኛው ስለሆነ እዚያ መታከም እንችላለን። ባለቤቴ የሸክላ ሥራ ክፍሉን አስመዝግባለች። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ደውለው ለእነዚያ ወራት ስማችንን በጠዋቱ የስልክ ተራ ውስጥ እንዳስገቡ ነገሩን፤ እርሳቸው ለእኛ ይደውላሉ፣ እኛ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ለሚኖሩት ለ91 ዓመቷ ጎረቤታችን እንደውላለን፤ ቁልፋቸውም ስንደርስ ይሰጠናል።